የካሜራ ባትሪ ክዳን ተሰበረ? ከመጣላችሁ በፊት ይህን እዩ

ካሜራ አልበራ ሲል ብዙው ሰው "ተቃጠለ" ብሎ ይተወዋል። አንዳንዴ ግን የተሰበረው ከሥሩ ያለው የባትሪ ክዳን ጥርስ ብቻ ነው። ካማሺ ሆኖ በሰርግና በምረቃ ፎቶ ለሚተዳደር ልጅ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ክዳኑ ይጠገናል፣ ካሜራ መግዛት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

እንደ ካነን 600ዲ እና 1100ዲ ባሉ ባለ ሊትየም ካሜራዎች ባትሪውን የሚይዘው ውስጥ ያለች መቆለፊያ ናት። ክዳኑ ሲዘጋ አንዲት ትንሽ ስዊች ይጫናል፤ ካልተጫነች ካሜራው አይነሳም። እንዲህ ፈትሹት፦ ባትሪውን አስገቡ፣ ክዳኑን ክፍት ትታችሁ ስዊቿን በክብሪት እንጨት ቀስ ብላችሁ ተጫኑና አብሩት። ከበራ ካሜራው ጤነኛ ነው። ለጊዜው ክዳኑን በናስትሮ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይበቃል። 1100ዲ ላይ ግን ሜሞሪውም እዚያው ክዳን ሥር ስለሆነ፣ ፎቶ እየተቀመጠ ናስትሮው ከለቀቀ የሰርጉ ፎቶ ሊበላሽ ይችላል።

በሁለት ድንጋይ የሚሠሩት ትንንሾቹ (ካነን ፓወርሾት ኤ ዓይነቶቹ) ይብሳሉ። እዚህ ክዳኑ ራሱ ነው የሞላውን ግፊት ተሸክሞ ድንጋዮቹን የሚያገናኘው። ስለዚህ ናስትሮ ቶሎ ይላላል። የተሻለው ዘዴ ቀጭን ጠንካራ ቆርቆሮ በክዳኑ ላይ አጋድሞ ትራይፖድ በሚታሰርበት ቀዳዳ በብሎን ማሰር ነው። ብሎኑ አጭር ይሁን፤ ረጅሙ ውስጡን ይበሳል። ቆርቆሮው የድንጋዩን ጫፍ እንዳይነካ ከሥሩ ናስትሮ ለጥፉበት።

ድንጋይ ውስጡ ቆይቶ ነጭ ዱቄት ካፈሰሰ፣ ጥጥ በትንሽ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ነክራችሁ ጥረጉ፣ ቀጥሎ በአልኮል፤ ሳይደርቅ ባትሪ አታስገቡ። በክረምት እርጥበት ብረቱ ቶሎ ስለሚዝግ፣ ካሜራው ሲቀመጥ ድንጋዩን ማውጣት ነው።

ሱፐር ግሉ? ጥርሷን በሱፐር ግሉ መለጠፍ ብዙ አይቆይም፣ ፈሳሹ ስዊቿ ውስጥ ከገባ ደግሞ ያኔ በእውነት ሞተ። ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ማጣበቂያ ይሻላል፣ ግን 24 ሰዓት ታገሱት።

ክዳኑ የተሰበረው ባትሪው አብጦ ገፍቶት ከሆነ ባትሪውን አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ዳግም ቻርጅ አታድርጉት። የካሜራውንም አካል በካቻቢቴ አትፍቱ፤ የፍላሹ ካፓሲተር ባትሪ ከወጣ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አዲስ ክዳን አዲስ አበባ ላለ ሰው የምታስገዙ ከሆነ የሞዴሉን ቁጥር ከነፎቶው ላኩ፤ የ600ዲ ክዳን 1100ዲ ላይ አይገባም።