ስንት አስቀነሳችሁ?

የመሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያነብ ሰው ከ«የግዥ ቁጠባ» አያመልጥም። ሐረጉ ማዕረግ ሲጨመርለት «በግዥ ሂደት የተመዘገበ የወጪ ቁጠባ ውጤት» ይባላል፤ ዜና ላይ ሲወጣ «ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ማዳን ተችሏል» ይሆናል፤ ቢሮ ውስጥ በአፍ ሲወራ ደግሞ «ሴቭ አድርገናል» ነው። ከሦስቱ የመጨረሻው ይሻለኛል። ቢያንስ እንግዳ መሆኑን አይደብቅም።

ጉዳዩን አንባቢ በግማሽ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ለእኛ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰዎች የሚቀርበን በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ነው። ዩኒቨርሲቲ ከማስተማሩ ሌላ ትልቅ ሸማች ነው፦ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ፍራሽ፣ ወረቀት፣ የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ ሲሚንቶ፣ የጥበቃና የጽዳት አገልግሎት ይገዛል። ይህ ሸማች ሊከፍል ከነበረው ያነሰ ሲከፍል፣ ያነሰውን ለክቶ ለቦርዱና ለሚኒስቴሩ ያስታውቅ የሚለው ሐሳብ ነው የሚያግባባ ስም ያጣው። ሌላው ዓለም ቆይቶበታል። አሥር ግቢዎች ያሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከግዥ ብቻ በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ወደ ትምህርት ሥራ አዞራለሁ ብሎ ግብ ከጣለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በእኛም አገር ግዥና ዩኒቨርሲቲ በሕግ ጎረቤት ናቸው፦ የግዥ አዋጁና የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ በ2001 ዓ.ም. ቁጥር 649 እና 650 ሆነው ተከታትለው የወጡ ናቸው። ሁለቱም ዛሬ በአዲስ ተተክተዋል፤ የግዥው በ1333/2016።

አሁን ወደ ቃሉ። ቆጠበ ምን ዓይነት ግስ ነው? ቁጥብ ሰው ማለት አፉንና እጁን የሚይዝ ነው። «ከአስተያየት ተቆጠበ» ሲባል መናገር እየቻለ ዝም አለ ማለት ነው። የቁጠባ ሂሳብ የሚከፍት ሰው ሊያጠፋው ይችል የነበረውን ብር ሳያጠፋ አስቀመጠ። በሁሉም ላይ አድራጊው የሚገታው ራሱን ነው፤ የሚቆጥበውም የእጁን ነው። አንድ የግዥ ባለሙያ ተከራክሮ፣ ወይም ጨረታውን አስፍቶ፣ የሚፈልገውን ዕቃ ሁሉ በዝቅተኛ ዋጋ ሲያመጣ ከምን ተቆጠበ? ከምንም። የገዛው ሳይጎድል ነው። ዝቅ ያለው የሻጩ ዋጋ ነው።

ቁጠባ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የለም እያልሁ አይደለም። በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ አትሞ በዓመት የሚገዛውን ወረቀት በግማሽ የቀነሰ ክፍል ቆጥቧል። ያረጀውን መኪና አስጠግኖ አዲስ ሳይገዛ የከረመም ቆጥቧል። ይህ ቁጠባ ተብሎ ለብቻው ቢጻፍ ያምርበታል። ሰው እጁን የያዘበት ነውና ሊመሰገንበት ይገባል፤ ከዋጋ ክርክር ጋር ሲደባለቅ ግን ምስጋናውም ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ማዳን» ደግሞ ከነጭራሹ የባሰ ነው። ዳነ የግእዙ ድኅነ ነው፤ ድኅነትም፣ መድኅንም፣ ዕለት ተዕለት የምንጠራው መድንም ከዚያው ቤት ናቸው። ከበሽታ፣ ከሞት፣ ከኃጢአት ይዳናል። ብር ዳነ ስንል ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር ማለታችን ነው፤ ታዲያ ማን ነበር የሚያጠፋው? ከዘራፊ የተነጠቀ ገንዘብ ከሆነ ማዳን ይገባዋል፤ ያ ግን የኦዲትና የፖሊስ ጉዳይ ነው። ተራ ጨረታን በመድኃኔ ዓለም ግስ ማውራት አያስፈልግም። ፊደሉ ሲሳሳት ደግሞ «ማደን» ይሆናል፣ ገንዘብ የሚታደን ይመስል። ለአንዳንዱ ሪፖርት እሱም አይርቅበትም።

ሌሎች ቃላትም ቀርበዋል። «የግዥ ትርፍ» የሚሉ አሉ። ትርፍ ግን የነጋዴ ነው፤ ሰምቶ የሚያልፍ ሰው ዩኒቨርሲቲው ጤፍ ሊነግድ ተነሣ ይላል። ከገበያው ራሱ የሚወሰድ «ዋጋ ሰበረ» የሚባል ጠንካራ አነጋገር አለ፣ እወደዋለሁም። ዳሩ ግን የሚሰበረው የሻጩ ወገብ ነው፤ ስም ሲወጣለትም «የዋጋ ስብራት» ሆኖ የስብሰባ አዳራሽ ቃል ይመስላል። ስብራት በዚህ ዘመን በቂ ሥራ አለው።

እኔ የምሟገተው ለቅናሽ ነው። በእኛ በኩል ከነፋስ መውጫም ትምጣ ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያም ይሁን ከመካነ ኢየሱስ፣ ከገበያ የተመለሰችን ሴት ጎረቤቷ የምትጠይቃት «ስንት አስቀነስሽ?» ብላ ነው። «ስንት ቆጠብሽ?» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። መልሱም ሁልጊዜ ሁለት ዋጋ ይዞ ይመጣል፦ «ሺህ ሁለት መቶ ብሎኝ በሺህ አመጣሁት።» የተጠየቀው ዋጋ አለ፣ የተከፈለው አለ፣ በመካከሉ ያለው ሁለት መቶ የእሷ ሥራ ነው። ብዙ ገጽ የሚፈጀው የግዥ አፈጻጸም መለኪያ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ብዙም አይርቅም።

ሰዋስዉም ያግዛል። ቁጠባ ብቻውን ይቆማል፤ «ሦስት ሚሊዮን ብር ቆጥበናል» ቢባል ሰሚው ጭብጨባ ብቻ ነው የሚቀረው። ቀነሰ ግን «ከ»ን ይጠራል። «ሦስት ሚሊዮን ቀንሷል» ያለ ሰው ወዲያው «ከምን?» ተብሎ ይጠየቃል። አስቀነሰ ሲሆን ደግሞ «ማን?» የሚለውም ይጨመርበታል፣ ምክንያቱም ገበያው በራሱ ወርዶ ከሆነ ማንም አላስቀነሰም። አንድ ቃል ተናጋሪውን በሁለት ጥያቄ ካፋጠጠው ለሪፖርት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ቅናሽ የሱቅ ማስታወቂያ ይሸታል የሚሉኝ አሉ፤ «ታላቅ ቅናሽ» የሚለውን ጨርቅ እያሰቡ ነው። ይሽተት። ግዥ የሱቅ ነገር ነው። ባይሆን «ገዛ» የሚለው ግስ ራሱ መሸመትንም መንገሥንም ስለያዘ፣ አንዳንድ የግዥ ክፍል ሁለተኛው ትርጉም ሳይቀናው አይቀርም።

ቅናሽ ግን ሁሉንም አይሸፍንም፤ እዚህ ላይ ሌላ ስም ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። በዚያ ዓመት የላቦራቶሪ ዕቃ የገዛ ዩኒቨርሲቲ የቱንም ያህል ቢከራከር ከአምናው ባነሰ ዋጋ ሊያገኝ አይችልም። ዋጋው ጨምሯል፤ ሰውዬው የሠራው ጭማሪው በሙሉ እንዳይደርስበት ማድረግ ነው። ለዚህ አማርኛ «ማስቀረት» የሚል የሰከነ ቃል አለው። ጭማሪን አስቀረ፣ ወጪን አስቀረ። «የቀረ ወጪ» ብንለው ማንም ይረዳዋል፤ ከሂሳብ ሠራተኛው «ቀሪ» ጋር እንዳይምታታ ብቻ ይጠንቀቁ።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንፍጠር። አንድ ዩኒቨርሲቲ 1,000 ኩንታል ጤፍ በ12,000 ብር ሒሳብ ገዛ እንበል። አምና ኩንታሉ 9,000 ነበር። ዘንድሮ ሲታቀድ 15,000 ተገመተ። ተጫራቾች ያቀረቡት ዋጋ በአማካይ 14,000 ሆነ። በበጀቱ ከለኩት 3 ሚሊዮን ብር «ቆጥቧል»፣ በተጫራቾቹ አማካይ 2 ሚሊዮን፣ በአምናው ዋጋ ደግሞ 3 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ከፍሏል። ጤፉ ያው ጤፍ ነው፣ ደረሰኙም አንድ ነው። ሪፖርት አድራጊው የቱን እንደሚመርጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፤ በዕቅድ ጊዜ ከፍ አድርጎ የገመተ ሰው ሰኔ ላይ ብዙ ያዳነ ይባላል።

የተማሪው ምግብ ይህን በደንብ ያሳያል። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ቆይቶ 22 ብር ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ አለ። በ15 ብሩ ዘመን በጀቱ ገበያውን አያውቀውም ነበር፤ ማንም ጎበዝ ገዥ ከሱ በታች ወርዶ ቅናሽ ማስመዝገብ አይችልም። በ100 ብሩ ዘመን 90 ብር ያወጣ አሥር ከመቶ ቆጠብሁ ሊል ነው። የተለወጠው የገዥው ብልሃት ነው ወይስ መለኪያው?

ስለ መለኪያው ስምም አንድ ነገር ልበል። «ቤዝላይን» የሚለውን «መሠረታዊ መስመር» ብለው የተረጎሙ አሉ፤ የሚናገሩት ስለ ዋጋ ይሁን ስለ ስልክ ገመድ አይታወቅም። «መነሻ ዋጋ» ይሻላል፣ ግን ተይዟል፦ በሐራጅና በመሬት ሊዝ መነሻ ዋጋ ወደ ላይ የሚወጡበት ወለል ነው። እዚህ የምንፈልገው የምናስተያይበትን ነው፤ ስለዚህ «ማነጻጸሪያ ዋጋ» ይባል፤ የትኛው እንደተወሰደም፣ የአምናው ይሁን የገበያ ጥናቱ ወይስ በጀቱ፣ አብሮ ይጻፍ።

ቃሉን አስተካክሎ ጥራቱን መርሳትም አለ። በርካሽ የተገዛው ፍራሽ በሁለት ሴሚስተር ካለቀ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው፤ ቅናሹ አምና ተጽፏል፣ የድጋሚ ግዥው ግን ዘንድሮ በሌላ መስመር ይገባል። ሌላው ችግር የሰኔ 30 ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ለግምጃ ቤት ይመለሳል፤ መሥሪያ ቤቱም የሚመዘነው በጀቱን ምን ያህል ተጠቀመ በሚል ነው። አስቀንሶ ገንዘብ ያስተረፈ የሥራ ክፍል «አልተጠቀመም» ይባላል። በጀቱ እንዳይቃጠል በሰኔ የሚደረገውን ሩጫ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ተመላሹ ገንዘብ በቅናሽ የተገኘ ይሁን ሥራው ሳይሠራ ቀርቶ የተረፈ፣ ሪፖርቱ ለይቶ ካላሳየ ትጉሁና ሰነፉ በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ።

ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት እየገቡ ነው። ኮምፒዩተር ላይ አንዴ የተጻፈ የሰንጠረዥ ርእስ እንደ ሐውልት ነው፣ የሚያነሣው የለም። ስለዚህ ከመጻፉ በፊት ሦስት ዓምድ ይሰጠን፦ ቅናሽ፣ የቀረ ወጪ፣ ቁጠባ። ያን ጊዜ የጤፉ ሪፖርት እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦ «1,000 ኩንታል ጤፍ በ12,000 ብር ገዝተናል። ከአምናው በኩንታል 3,000 ብር ጨምሯል። ማነጻጸሪያችን የተጫራቾች አማካይ ዋጋ ሲሆን ከሱ 2,000 ብር ያንሳል፤ በዚህ 2 ሚሊዮን ብር አስቀርተናል። ያስቀነስነው የለም።»