በጠዋት የተገዛች መኪና

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ነገር ላጫውታችሁ። የመኪናዋን ከመናገሬ በፊት ግን የመንገዱን ልናገር፤ መኪናዋን ያስገዛኝ መንገዱ ነውና።

እናቴ ያለችው መንዝ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ ደብረ ብርሃን ናችሁ። እሷን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ዋናው አስፋልት ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የመንዝ ሰው ግን ዋሻውን ሳይገባ ወደ መሐል ሜዳ ይታጠፋል። አገሩ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወደየመንደሩ የሚወስደው መንገድ ጎማ የሚውጥ ጭቃ ይሆናል።

በአንድ ነሐሴ እናትህ ታማለች ተብሎ ተደወለልኝ። በትንሿ ቪትዜ በረርኩ። ከመንደራችን በታች ካለው ወንዝ ሳልደርስ ሆዷ ጭቃው ላይ ተኝቶ ቀረች። የሰፈራችን ጎረምሶች፣ ስምንት ሆነው፣ አራት አራት እየተፈራረቁ፣ እናቴን በቃሬዛ ተሸክመው በዝናብ ወንዙን አሻገሩልኝ። ተመስገን ዳነች። ቃሬዛው ላይ ዓይኗን ጨፍና ስትንገላታ ያየሁት ግን ከዓይኔ አልወጣም። እስከ ደጇ የሚደርስ መኪና ሳልገዛ ሌላ ክረምት አይገባም ብዬ ማልኩ።

አዲስ መኪና አቅሜ አልነበረም። ያገለገለውም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስመጣትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። እናም አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ባለቤቱ እጅ ውስጥ እንደ ወርቅ ተያዘ። ያጠራቀምኩትን ይዤ መካሪ ፍለጋ ሄድኩ።

መካሪዬ ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ «የኔታ» የሚሏቸው አዛውንት መካኒክ ናቸው። ፊደል አስቆጥረው አያውቁም፤ ግን ሰፈሩ ውስጥ ቁልፍ የጨበጠ ወጣት ሁሉ ከእሳቸው እጅ ነው የወጣው። የመንገዴን ነገር ስነግራቸው ብዙ አላሰቡም።

«ሰማንያዋን ፈልግ» አሉኝ።

ሰማንያ የሚሉት ቶዮታ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሸጠውን የላንድክሩዘር ትውልድ ነው። ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል አለው፤ በባሌስትራ ፈንታ በጥቅል ሞላ ላይ ስለተቀመጠ ድንጋዩን እየረገጠ ሰውን አያንገላታም። ስምንት ሰው ይጭናል። «ሞተሩን ደግሞ 1 ኤች ዜድ አድርገው» አሉኝ የኔታ። «ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍታ፣ ቱርቦ የሌለው። አይሮጥም፣ ግን ገጠር ላይ በትንሽ ቁልፍ ይጠገናል።»

የመጀመሪያዋን ደላላ አሳየን። ነጭ ናት፤ ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ ወንበሯ አዲስ ቆዳ ለብሷል። ልቤ ወዲያው ሄደ። የኔታ ዙሪያዋን እንኳ አላዩም። ቀጥ ብለው ሄደው መዳፋቸውን ኮፋኖዋ ላይ አሳረፉ፤ ሐኪም የልጅ ግንባር እንደሚነካ ነው የነኩት።

«ለምን አሞቃችኋት?» አሉ።

«እንዲያው ባትሪው እንዳይደክም ብለን ነው፣ አባባ» አለ ሻጩ።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ናፍታ ሞተር በሽታውን የሚናገረው በብርድ ነው። ካንዴሌታው ቢሞት፣ ኖዝሉ ቢያንጠባጥብ፣ ፋሻው ቢያልቅ፣ አንዴ ከሞቀ ብዙውን ይደብቅልሃል።» የጭሱንም ነገር ያን ጊዜ ነው ያስተማሩኝ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና ራዲያተሩ ውሃ ከጎደለው ጓርኒሲዮኑን ወይም ቴስታታውን ጠርጥር። ጥቁር ጭስ ናፍታው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ ነው።

ከዚያ ከኪሳቸው ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የተፈታች ማግኔት አወጡ፤ ቀለሙን እንዳትቧጭር በመሐረብ ጠቀለሏት። በሩ ላይ አስጠጓት፣ ጥብቅ አለች። ከኋላ ጎማው በላይ አስጠጓት፣ መሬት ወደቀች። «ስቱኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከቀኝ የፊት ጎማ ጀርባ ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በባትሪ መብራት አሳዩኝ፤ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል፣ ዙሪያው ግን የሞረድ ጭረት አለበት። አመስግነን ወጣን።

ሁለተኛዋን ያገኘናት ኮተቤ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብዙም አልተነዳችም። የ1995 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት፤ ቀለሟ ደብዝዟል፣ የግራ በሯ ተጨራምቷል፣ በፊት መስታወቷ ጠርዝ ዝገት ጀምሯታል። የኔታ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው ያደረሱኝ። ኮፋኖዋ ላይ ጤዛ ነበር። መዳፋቸውን ሲያነሡ ቅርጹ ጤዛው ላይ ቀረ።

ቁልፉ ተዞረ፤ የካንዴሌታው መብራት በርቶ ጠፋ፤ ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ተነሣ። ትንሽ ነጭ ጭስ ታየ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ጠራ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። ያን ጊዜ እትዬ ከቤት አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዘው ወጡ።

«እሱ ሁሉንም እዚህ ነው የሚጽፈው፣ ልጄ።»

ገጹን ገለጥን። በአንድ እጅ፣ በሰማያዊ ቢክ፣ ቀንና ኪሎ ሜትር፦ ዘይት ተቀየረ፤ ፊልትሮ ተቀየረ፤ የኋላ ፍሬን ታየ። የኔታ በጣታቸው እየተከተሉ ወርደው አንድ መስመር ላይ ቆሙ። የታይሚንግ ቺንጋ፣ 291,000። ቀና ብለው ቆጣሪዋን አዩ፤ 408,000 ይላል።

«አጥፋት!» አሉኝ። እንደዚያ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

ያ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ይጋጫሉ፤ ሞተሩ በአንድ አፍታ ይሰባበራል። የእኛዋ 17,000 አሳልፋለች። ሰውየው ሳይቀይሩት ነው ሕመም የቀደማቸው። እትዬ ደንግጠው፣ «አትገዙም እንግዲህ?» አሉ። የኔታ ጎንበስ ብለው፣ «የምንገዛትማ ለዚሁ ደብተር ነው እንጂ፣ እትዬ። ጉድለቷን የምትናገር መኪና ከየት ይገኛል?» አሏቸው።

መኪናዋ ድሮ የእርዳታ ድርጅት ነበረች፤ ሰውየው በጨረታ ነው የገዟት። ስለዚህ ቀረጧ መከፈሉን በደረሰኝ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት በመንገድ ትራንስፖርት አጣርተን፣ ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን። ሞተሯን ሳናስነሣም በጭነት ወደ ጋራዥ ወሰድናት።

ቺንጋው ሲወጣ በእጄ ያዝኩት። ጀርባው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ሁለት ጥርሶቹ የሉም። ላቤ መጣ። እሱን፣ መወጠሪያውንና የውሃ ፓምፑን አብረን ቀየርን።

ቀጥሎ የፊት እግሮቿ ተፈቱ። የሰማንያ የታወቀ ሕመም እዚያ ነው፤ መሪው በሚዞርበት ሉል ላይ ዘይት የሚያግደው ላስቲክ ሲያረጅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ይቀላቀልና ጥቁር መረቅ ሆኖ ይንጠባጠባል። የኔታ ከዚያ መረቅ በሁለት ጣት ቆንጥረው ዓይናቸውን ጨፍነው አሹት። የብረት ፍርፋሪ እየፈለጉ ነው። «ልስልስ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። «ብረቱ አልተበላም። ላስቲኩን፣ ኩሽኔታውንና ግራሶውን ለውጥ።» ሱማሌ ተራ ወርጄ ስገዛ ኦሪጅናሉና ኮፒው ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይፈታ ብዬ በኦሪጅናሉ ጨከንኩ።

ባትላሜራው የፊት መስታወቷን አውጥቶ የዛገውን ቆርጦ በየደ። ፍሬኗና ጎማዋ ታደሰ። ከልጆቹ አንዱ፣ «ቱርቦ ብንጨምርላትስ? ዳገት ላይ ትበራለች» አለ። የኔታ አልፈቀዱም። «እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ትደክማለች፣ ትንሽ ታጠቁራለች፤ ይህ ተፈጥሮዋ ነው። ቱርቦ ብትጭንባት ሙቀቱ ቴስታታዋን ይሰነጥቀዋል።» ከዚያ የራዲያተሯን ክዳን አውጥተው አዲስ ሰጡኝ። «መንዝ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊቱን ይዞ እንዳይፈላ የሚያደርገው ይህ ክዳን ነው። ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው።»

ሐምሌ ላይ ጉዞ ወጣሁ። ጭቃው ያው ነው፤ ወንዙም ሞልቷል። ከባዱን ማርሽ አስገብቼ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ውሃው በሩን ነካ፤ ሞተሩ ድምፁን አልለወጠም። እናቴ ደጅ ላይ ስትደርስ ነጠላዋ መሬት ይጎተት ነበር፤ እልል ማለት አምሯት ሳግ ያዛት።

ሌሊቱን ብርዱ ሲያንዘፈዝፍ አደረ። በጠዋት ወጥቼ መዳፌን ኮፋኖዋ ላይ አሳረፍኩ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች። ካንዴሌታውን ጠበቅኩ፤ ቁልፉን አዞርኩ። አጉረመረመች፤ ተነሣች። እናቴን ለክትትል ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ልወስድ ነው። ከፊት አስቀመጥኳት። ያን ቀን ቃሬዛውን ከተሸከሙት ስድስቱ ገበያ የሚሄዱ ነበሩና ከኋላ ገቡ። ወንዙ መሐል ስንደርስ ሁሉም ዝም አሉ። ማዶ ስንወጣ እናቴ ወደ ኋላ ዞራ፣ «ትከሻችሁ አረፈ፣ ልጆቼ» አለቻቸው።

ማታ ደብተሩን አወጣሁ። ከሰውየው የመጨረሻ መስመር በታች ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፍኩ። ቺንጋው በ408,000 መቀየሩን ጻፍኩ። ሌላ የምጽፈው ጥገና አልነበረም፤ ግን እጄ አልቆመም፤ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ እናቴ ወንዙን ቁጭ ብላ ተሻገረች።