«ቡት» ሁልጊዜ ጫማ አይደለም

ናይሮቢ ውስጥ አንድ የታክሲ ሹፌር በእንግሊዝኛ «ሻንጣህን ቡት ውስጥ አስገባው» ሲለኝ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ለካ ከመኪናው ኋላ ያለውን የዕቃ ቦታ ማለቱ ነው! በፈረስ ሠረገላ ዘመን የዕቃ ማስቀመጫው ቡት ይባል ነበር፤ ስሙ ወደ መኪና ተሻገረ። ኬንያና ኡጋንዳ የእንግሊዞቹን አነጋገር ይዘዋል። አሜሪካ የምትሄዱ ግን «ትራንክ» በሉ፤ እዚያ የመኪና ቡት የሚባለው ቅጣት ሳይከፈልበት የቆየ መኪና ጎማ ላይ የሚቆለፈው ብረት ነው።

ጫማውማ ያው የኛ ቦት ጫማ ነው፤ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው። ኮምፒውተር «ቡት አደረገ» የሚሉትም ከዚሁ የመጣ ነው። የገዛ ቦት ጫማን ማንጠልጠያ ይዞ ራስን ወደ ላይ መጎተት የሚል አባባል አላቸው፤ ኮምፒውተሩም ሲበራ በራሱ ይነሳል።

ከሁሉ የምትጠነቀቁት ሥራ ቦታ ነው። እገሌ «ቡት ተሰጠው» ሲባል ጫማ እየታደለ መስሏችሁ እንዳትሰለፉ፤ ከሥራ ተባረረ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የምትሰሙት «ቱ ቡት» ደግሞ «በዚያ ላይ» እንደማለት ነው። እሱ ከጫማው ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመዱ «ቤተር»፣ «የተሻለ» የሚለው ቃል ነው።