የትናንት ድምፅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ



ሰው ያለፈውን ዘመን የሚያስታውስበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በመጽሐፍ፥ አንዱ በሐውልት፥ ሌላውም በአረጋውያን አንደበት ያስታውሳል። ከነዚህ ሁሉ ፈጥኖ ወደ ልብ የሚገባው ግን ዜማ ነው። በዛሬው ንግግራችን፥ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየተቀነባበረ የቀደሙትን ዘመናት ድምፅ ስለሚያስተጋባው ሙዚቃ ጥቂት እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሐረር እንጀምር። በ2006 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ፥ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው አሮጌ ሕንፃ፥ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ያቋቋሙት ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ቤት ከጥንታውያን የእጅ ጽሑፎችና ከቀድሞ ገንዘቦች ጋር ዘፈን የተቀረጸባቸው አሮጌ ክሮች ተሰብስበዋል። ዘፈን ከመጽሐፍ እኩል መቀመጡ የሚያስገርም አይደለም። መጽሐፍ ቢቀደድ ሌላ ቅጂ ይፈለግለታል፤ በከራቡና በከበል ታጅቦ የተዜመ የሐረሪ ዜማ ግን ዜመኛው ካለፈና ክሩ ከተበላሸ ደግሞ አይገኝም። በአጠገቧ በድሬዳዋ የተነሣው፥ በ2022 ዓ. ም. ያረፈው ዓሊ ቢራም በኦሮምኛ፥ በሐረሪ፥ በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች እየዘፈነ የምሥራቁን አገር ዜማ ለመላው ኢትዮጵያ ያሰማ ነበር።

ወደ መሣሪያው ታሪክ ስንመለስ፥ ሃሞንድ የተባለው የኤሌክትሪክ ኦርጋን በ1935 ዓ. ም. ለገበያ ቀረበ። በ1964 ዓ. ም. ሮበርት ሙግ የተባለው አሜሪካዊ ድምፅን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚፈጥረውን ሲንተሳይዘር አሳየ፤ በ1983 ዓ. ም. ደግሞ ያማሃ ዲኤክስ ሰባት ወጣ። በአገራችን እስከ 1974 ዓ. ም. ድረስ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በነሐስ መሣሪያዎቻቸው የታወቁ ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ በመታወጁ የሌሊት ጭፈራ ቤቶች ተዳከሙ፤ ከሙዚቀኞችም ብዙዎች ተሰደዱ። ዐሥር ሰው ይሠራው የነበረውን አንድ ኦርጋን ተጫዋችና አንድ የከበሮ ማሽን እንዲሠሩት ያደረገው እንግዲህ ሥልጣኔ ብቻ ሳይሆን ችግርም ጭምር ነው። የነሐሱን ድምፅ የለመደ ጆሮም ይህን አዲስ ድምፅ ነፍስ የሌለው አድርጎ ይቈጥረው ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ ተገለበጠ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ዓ. ም. ከባንዳቸው ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ። በ1985 ዓ. ም. በዋሽንግተን አኮርዲዮን፥ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ብቻቸውን እየተጫወቱ የአገራቸውን ዜማ በካሴት አወጡ። ኋላም በታክሲ ሹፌርነት ይተዳደሩ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስም በመኪናቸው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ ያን ካሴት በባሕር ዳር ገዝቶ በ2013 ዓ. ም. እንደገና አሳተመው፤ እርሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ማለት ይህ ነው። ዛሬ ደግሞ እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደ እንደገና ሙሉ ያሉ ወጣቶች የአገርን ድምፅ ከኮምፒዩተር ቅንብር ጋር ያዋሕዳሉ። የሚካኤል «ዘለዓለም» የተባለው ሥራ በ2016 ዓ. ም. በውጭ አገር ታትሞ ወጥቷል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ትናንት ማሽን ነው ተብሎ የተናቀው ድምፅ ዛሬ ትዝታ ሆኖ መወደዱ ነው፤ ስለዚህ በዘመናችን አዲስ ድምፅ ላይ ለመፍረድ አንቸኵል። ሁለተኛውም ከዚህ የሚበልጠው፥ አዲሱ ሙዚቀኛ አሮጌውን ድምፅ ሊያስተጋባ የሚችለው አሮጌው ሲኖር ብቻ መሆኑ ነው። ምንጩ ከደረቀ የሚቀረው የቅጂ ቅጂ ነው። ያ የባሕር ዳር ካሴት ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ለዓለም በተሰማ አልነበረም።

ካሴት ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። እንግዲህ፥ አድማጮቻችን፥ ከቢሮ መልስ በአዲሱ ቅንብር መደሰታችን መልካም ነው፤ ነገር ግን በየሣጥናችን የተረሳ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ክር ቢኖር፥ ከመጣላችን በፊት ወደ አዲሱ መሣሪያ እናስገልብጠው፤ ወይም እንደ ሐረሩ ላለ ሙዚየም እንስጠው። የነገው ዜመኛ የሚቀዳው ከዚያ ነውና።