የቢኤምደብሊው ኤም5 (ኢ60) የባለቤትነት ወጪ

የቢኤምደብሊው ኤም5 (ኢ60) የባለቤትነት ወጪ ማለት ይህን የጀርመን መኪና ያገለገለ ገዝቶ ለመያዝ ከግዢው ዋጋ በላይ የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ኤም5 ኢ60 ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የተመረተ ባለ ከፍተኛ ኃይል የቅንጦት የቤት መኪና ነው። አዲሱ በአሜሪካ ከ80,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ የመኪናው ዋጋ በጣም ወረደ፤ የመለዋወጫውና የጥገናው ዋጋ ግን አብሮት አልወረደም። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው የአሮጌ መኪና ዋጋ ቢሆንም፣ የሚያስጠግነው በውድ መኪና ሒሳብ ነው።

ሞተር

ኤስ85 የተባለው ሞተር 10 ሲሊንደርና 5.0 ሊትር ይዘት አለው። ኃይሉ 507 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ በደቂቃ እስከ 8,250 ዙር ይሽከረከራል።

የሞተሩ ዋና ድክመት የቢየላ ብሮንዚን ነው። ቢየላ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኝ ብረት ነው። ብሮንዚን ደግሞ በቢየላውና በኮሎው መካከል የሚገባ ስስ ቅርፊት ነው፤ ብረቶቹ እንዳይፋተጉ በላዩ የዘይት ሽፋን ይኖራል። ብሮንዚኑ እየተበላ ሲሄድ መኪናው ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ጨርሶ ካለቀ ግን ኮሎውን ይጎዳል፤ ሞተሩም ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለቤቶች ብሮንዚኑን ሳይበላሽ አስቀድመው ያስቀይራሉ።

ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠሩት ሁለት የኤሌክትሪክ ማንቀሳቀሻዎችም በዕድሜ ብዛት ይበላሻሉ። ሲበላሹ መኪናው ኃይሉን ይቀንሳል።

ካምቢዮና ፍሪሲዮን

አብዛኞቹ መኪናዎች ባለ 7 ማርሽ ኤስኤምጂ ካምቢዮ አላቸው። የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፤ ውስጡ ያለው ግን እንደ ማንዋል መኪና ያለ ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮኑን የሚያንቀሳቅሰው በፓምፕ ግፊት የሚሠራ ዘይት ነው። በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ ቆም ሄድ እያሉ መንዳት ፍሪሲዮኑን ቶሎ ይጨርሰዋል። ፓምፑም ከተበላሸ ማርሽ መቀየር አይቻልም። በሰሜን አሜሪካ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮም ይሸጥ ነበር።

ነዳጅና ዘይት

በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ መኪናው በ100 ኪሎሜትር 18 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል። 70 ሊትር የሚይዘው ታንክ 400 ኪሎሜትር ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። ሞተሩ 10ደብሊው-60 የተባለ ወፍራም ዘይት ይፈልጋል። በሁለት ቅያሪ መካከልም ዘይት መጨመር የተለመደ ነው።

ከግዢ በፊት

ከሁሉ በፊት የሚታየው የጥገና መዝገብ ነው፤ ብሮንዚኑና ፍሪሲዮኑ መቼ እንደተቀየሩ ከዚያ ይታወቃል። የሞተር ዘይት ናሙና በላቦራቶሪ ሲመረመር ብዙ የእርሳስና የመዳብ ቅንጣት ከተገኘበት፣ ብሮንዚኑ እየተበላ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። መዝገብ የሌለው መኪና ዋጋው ዝቅ ቢልም፣ ልዩነቱ በአንድ ጥገና ሊያልቅ ይችላል።