ከአንድ ኪኒን ወደ ሦስት

ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በአብዛኛው የሚታዘዘው አንድ ኪኒን ብቻ ነበር፤ ዳፕሶን። የሚወሰደውም ለዓመታት፣ ሕመሙ ለጠናበት ሰው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነበር። ቀደም ሲል ይሰጥ የነበረው የቻውልሙግራ ዘይት መርፌው የሚያሠቃይ፣ ጥቅሙም አጠራጣሪ ስለነበር፣ በ1941 በአሜሪካ ሉዊዚያና ካርቪል የተጀመረው የሰልፎን ሕክምና፣ ቀጥሎም የዚሁ ዘር የሆነው ርካሹ ዳፕሶን፣ ለሕሙማኑ ትልቅ ተስፋ ይዞ መጣ። ተስፋው ከንቱ አልነበረም፤ ቁስላቸው የደረቀላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የዚህን በሽታ ታሪክ የለወጠው መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ነው እላለሁ፤ ወደዚያ ያደረሰውም የዳፕሶን ውድቀት ነው።

ውድቀቱ ዘግይቶ የታየው ከባክቴሪያው ጠባይ የተነሳ ነው። ሐንሰን በ1873 በኖርዌይ ያገኘው ይህ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ አይበቅልም፤ አንዱ ሁለት እስኪሆንም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ መድኃኒት የተላመደው ዘር በርክቶ ቁስሉን እስኪመልሰው ድረስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ ቁስሉ ሲመለስም ሕመምተኛው ኪኒኑን አቋርጦ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይቀላል። በ1960 ባክቴሪያውን በአይጥ የእግር መዳፍ ላይ ማራባት ሲቻል ይህን ጥርጣሬ መፈተኛ መንገድ ተገኘ። በ1964 ማሌዥያ ውስጥ ከሱንገይ ቡሎ ሕሙማን የተወሰደው ባክቴሪያ ዳፕሶን በሚመገቡ አይጦች ላይ ሳይቀር መራባቱ ተረጋገጠ። በ1970ዎቹ የአዲስ አበባው አለርትም ይህንኑ ችግር ከመዘገቡት ማዕከላት አንዱ ሆነ፤ ይባስ ብሎም ዳፕሶን ቀምሰው የማያውቁ ሰዎች ገና ከጅምሩ ዳፕሶንን የሚቋቋም ባክቴሪያ ይዘው ተገኙ። የአንዱ ሰው ሕክምና መክሸፍ ለሌላው መትረፉን የሚያሳይ በመሆኑ ከሁሉ የሚያስደነግጠው ይህ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ሐኪሞች ይህን ትምህርት ቀድመው ተምረውት ነበር። ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ ሕመምተኛው ተሽሎት ሳለ መልሶ ይወድቅ ነበር፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ብሪታንያ ውስጥ ፓስ ከሚባለው መድኃኒት ጋር ሲጣመር ግን ባክቴሪያው የመላመዱ ነገር በእጅጉ ቀነሰ። ምክንያቱ ስሌት ነው። በጠና የታመመ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ መቶ ቢሊዮን ያህል ባክቴሪያ ሊሸከም ይችላል። ከ10 ሚሊዮን አንዱ በተፈጥሮው ሪፋምፒሲንን ይቋቋማል ቢባል፣ ይህ ኃይለኛ መድኃኒት ሌላውን ሁሉ ቢፈጅም 10 ሺህ ያህል ይተርፋሉ። በሌላ መንገድ የሚገድል ሁለተኛ መድኃኒት ሲታከልና እሱን የሚቋቋመው ከሚሊዮን አንዱ ሲሆን፣ ከእነዚያ 10 ሺህ ውስጥ ሁለቱንም የሚችል መገኘቱ እጅግ የራቀ ነው። በ1981 ጄኔቭ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን ይህን ስሌት ወደ ጤና ጣቢያ አወረደው፦ ሪፋምፒሲን በወር አንድ ጊዜ በጤና ሠራተኛው ፊት፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በየቀኑ በቤት፣ ለከባዱ ዓይነት ቢያንስ ሁለት ዓመት። ውዱን መድኃኒት በወር አንዴ ብቻ፣ ያውም በዓይን እያዩ መስጠት ለድሃ አገር የታሰበበት ብልሃት ነው።

ዕድሜ ልክ ዋጡ ሲባሉ ለኖሩ ሰዎች በሁለት ዓመት አቁሙ ማለት ድፍረት አይደለም ወይ? ስጋቱ ቀላል አልነበረም። ሕክምናው ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1983 ጀምሮ ሲሰጥ ከቆየ በኋላ፣ አለርት በ1988 ሕሙማንን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ጀመረ፤ የበሽታው ማገርሸት እንደተፈራው አልሆነም። በ1998 የሕክምናው ጊዜ ወደ አንድ ዓመት እንዲያጥር ተመከረ። ሌላው ተቃውሞ ከኖርዌይ ታሪክ ይነሳል፤ እዚያ በሽታው የረባ መድኃኒት ሳይኖር ኑሮ ሲሻሻል ቀንሷል ይባላል። መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን ጥሩ ቤትና ምግብ አዲስ ሰው እንዳይያዝ ቢረዱም፣ ቀድሞ የተያዘውን አያድኑም። በጥምር ሕክምናው የዳኑት ግን በዓለም ዙሪያ ከ16 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሦስተኛው ነጥብ ነው፦ ባክቴሪያው ቢሞትም ነርቭ ይጎዳል። ሰውነት በሞተው ባክቴሪያ ላይ ሲቆጣ እጅና እግር በሳምንታት ውስጥ ሊደነዝዙ ይችላሉ፤ ያኔ ባክቴሪያ ገዳዩ ብቻውን አይበቃም፣ ቁጣውን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ተጨምሮ ለወራት ይሰጣል። ማጣመር ሲባል ይህንንም መጨመር ይገባል። ክሎፋዚሚን ደግሞ ሁለቱንም ሥራ በመጠኑ ይሠራል፤ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ቁጣውንም ያበርዳል፤ ዋጋው ቆዳን ማጥቆሩ ነው፣ ይህም በሽታውን ከጎረቤት ለመደበቅ ለሚጥር ሰው ቀላል አይደለም። በ1950ዎቹ ደብሊን ውስጥ ሲሠራ የታሰበው ለሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ እዚያ ሳይሳካለት ቀርቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይጄሪያ ውስጥ ለሥጋ ደዌ ተሞከረ። ዛሬ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ለያዛቸው ሰዎች ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ እየታዘዘ ነው።