የጄምስ ብሩስን መንገድ በኮምፒዩተር ካርታ መፈለግ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ፤ በኅዳር ወር ግሽ ዓባይን አየ። የጉዞ መጽሐፉ በ1790 በአምስት ቅጽ ታተመ። ያለፈበትን መንገድ በኮምፒዩተር ካርታ መልሶ ለማግኘት ሦስት ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው ልኬቶቹን መመዘን ነው። ኬክሮስ በፀሐይና በከዋክብት ከፍታ ስለሚለካ፣ የአንድ ደቂቃ (የዲግሪ 1/60) ስሕተት ቦታውን 2 ኪሎ ሜትር እንኳ አያዛውረውም። ኬንትሮስ ግን የሚገኘው ከሰዓት ልዩነት ነው፤ በጎንደር አካባቢ የአንድ ደቂቃ የሰዓት ስሕተት 27 ኪሎ ሜትር ያህል ያስታል።

ሁለተኛው ነጥቦቹን ማገናኘት ነው። በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው የመሬት ከፍታ በነፃ ስለሚገኝ፣ ኮምፒዩተሩ ለበቅሎ የሚቀለውን መንገድ ያሰላል። ነገር ግን ከዳገትና ከቁልቁለት ሌላ የምናስገባለት ካልሆነ የወንዝ ሙላትን፣ ኬላን፣ ሽፍታን አያውቅም። ብሩስ ወደ ምንጩ ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ በጦርነት ተሰናክሎ ወደ ጎንደር መመለሱን ከየትኛውም የከፍታ መረጃ ማንበብ አይቻልም።

ሦስተኛውና ከባዱ የቦታ ስም ነው። የውጭ ሰው በጆሮው ሰምቶ በላቲን ፊደል ሲጽፍ «ቀ» እና «ከ»፣ «ጠ» እና «ተ» ይደባለቃሉ፤ መንደሩም ስሙን ለውጦ ወይም ፈርሶ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚፈታው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው።

የመልካውንና የበሩን የድሮ ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን እያለፉ ነው። አገር ቤት ስትደውሉ ጠይቃችሁ ጻፉት፤ ሳተላይት ስም አያነሣም።